የድሮ ታክሲዎች አስገራሚ ጣሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ መኪና ፎቶ የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የድሮ ታክሲ ጣሪያ ከሌላ መኪና ጣሪያ በምን ይለያል?

የቤት መኪና ጣሪያ አንድ ጌታ ነው ያለው። የታክሲ ጣሪያ ግን አለቃው ብዙ ነው። ተሳፋሪው አየር ይፈልጋል። ሾፌሩ ሂሳቡን ይፈልጋል። ሻንጣው ቦታ ይፈልጋል። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ሜትር ይዞ መጥቶ ይለካል። እንግዳ የሚመስሉን ጣሪያዎች የመጡት ከዚህ ግፊያ ነው። ግማሹ የሚታጠፍ አለ፣ መሃሉ የሚከፈት አለ፣ ቀዳዳ ያለው አለ፣ ዕቃ የተቆለለበት አለ፣ ጆሮ ያበቀለም አለ።

ፎቶ ስታዩ ጣሪያው የተሠራው ለማን እንደሆነ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ለተሳፋሪው ነው። ለሾፌሩ የታሰበለት በጣም ዘግይቶ ነው።

ላንዶሌት የሚባለው የትኛው ነው? እንዴትስ ይታጠፋል?

ከፊት በኩል ድርቅ ያለ ጣሪያ አለው፤ ከኋላ ወንበር በላይ ያለው ግን የሚታጠፍ ሸራ ወይም ቆዳ ነው። አሠራሩ ከፈረስ ሠረገላ የተወረሰ ነው። በ1897 ሽቱትጋርት ውስጥ ፍሬድሪክ ግራይነር የተባለ ነጋዴ ከዳይምለር የተረከበው፣ ሂሳብ ቆጣሪ የተገጠመለት የመጀመሪያው የሞተር ታክሲ ሳይቀር እንደ ሠረገላ የሚታጠፍ ግማሽ ጣሪያ ነበረው።

ከውጭ ስታዩት በጎኑ በኩል ጠምዘዝ ያለ ብረት አለ፤ መሃሉ ላይ እንደ ጉልበት የሚሰበር መጋጠሚያ አለው። ብረቱ ቀጥ ሲል ሸራውን ወጥሮ ይይዘዋል። ሾፌሩ ይወርድና ከበሩ በላይ ያለውን መቆለፊያ ይፈታል፤ መጋጠሚያውን በመዳፉ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ በሸራው ሥር ያሉት የእንጨት ቅስቶች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረቡ ከወንበሩ ጀርባ ይተኛሉ። የቀረው በጠፍር ማሰር ብቻ ነው። ደካማ ጎኑ ድርቁ ጣሪያና ሸራው የሚገናኙበት መስመር ነው። መስመሩን የሚዘጋው ጎማ ካረጀ የዝናቡ ጠብታ በቀጥታ ተሳፋሪው ማጅራት ላይ ነው የሚያርፈው።

አሜሪካኖች ያንን ጠምዘዝ ያለ ብረት ከጥቅሙ ለይተው ለጌጥ አስቀሩት። እስከ ዛሬ የሬሳ መኪኖቻቸው ጎን ላይ ይታያል፤ የሚታጠፍ ነገር ግን የለም።

በጣም የታወቀው ላንዶሌት ታክሲ የትኛው ነው?

በታሪክ ከሆነ የፈረንሳዩ ሬኖ ኤጂ ነው። በመስከረም 1914 ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲገሰግሱ፣ ወደ 600 የሚጠጉ የፓሪስ ታክሲዎች ወታደር ጭነው ወደ ማርን ግንባር ሄደዋል። አብዛኞቹ ሬኖ ነበሩ። ሁለት ሲሊንደር ያላት ሚጢጢ ሞተር ናት፤ ከኋላ የሚታጠፍ ጣሪያ። አንዷ ዛሬም ፓሪስ፣ ኢንቫሊድ በሚገኘው የጦር ሙዚየም ቆማለች። ለነገሩ ሾፌሮቹ ቆጣሪውን አላጠፉም። መንግሥት ቆጣሪው ካሳየው 27 በመቶውን ከፈለ።

በቴክኒክ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው መርሴዲስ 260 ዲን ነው። በ1936 በርሊን ላይ ሲቀርብ በብዛት ከተመረቱት የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የቤት መኪኖች አንዱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 170 ገደማ የሚሆኑት ስድስት ሰው የሚይዙ ላንዶሌት ሆነው፣ በዋናነት ለታክሲ ሥራ ነው የወጡት። ሞተሩ 2.6 ሊትር፣ 45 የፈረስ ጉልበት። ናፍጣ ርካሽ ስለነበር ባለታክሲዎች ወደዱት። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ይኸው ፋብሪካ ለሮማው ጳጳስ ዮሐንስ 23ኛ መኪና ሲሠራ የመረጠው ጣሪያ ላንዶሌት ነው። የታክሲና የጳጳስ ጣሪያ አንድ ዓይነት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዲታይና እንዲያይ የተሠሩ ናቸው።

በድሮ ፎቶዎች ላይ ሾፌሩ ለምን ዝናብ ላይ ተቀምጦ ይታያል?

ሠረገላ ነጂ ሁልጊዜም ውጭ ነበር የሚቀመጠው። ሞተሩ ሲመጣ ፈረሱ ተፈታ እንጂ ልማዱ አልተፈታም። ተሳፋሪው ከነመስታወቱ፣ ከነጣሪያው፤ ሾፌሩ ካፖርቱን ደራርቦ ፊት ለፊት። ሬኖ ኤጂን ካያችሁ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኋላው እንደ ሳሎን፣ ፊቱ እንደ በረንዳ።

ለንደን ይህን ልማድ ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጅቶባታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 የወጣው ኦስቲን ኤፍኤክስ3 እንኳን ከሾፌሩ በግራ በኩል በር አልነበረውም። ቦታው የሻንጣ መድረክ ነበር፤ ጣሪያ አለው፣ ጎኑ ግን ክፍት ነው። የለንደን ብርድ ከሻንጣው ጋር አብሮ ይሳፈራል ማለት ነው። አራት በር ኖሮት ሾፌሩን ሙሉ በሙሉ ከውስጥ ያስገባው በ1958 የመጣው ኤፍኤክስ4 ነው።

ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ያለው የፈረስ ታክሲ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሃንሰም ይባላል። የዮርክ ሰው የነበረው አርክቴክት ጆሴፍ ሃንሰም በ1834 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ጆን ቻፕማን አሻሻለውና ነጂው ከሠረገላው ጀርባ፣ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት መንገዱን ያያል፤ ነጂውን ግን አያየውም። ታዲያ እንዴት ይነጋገሩ? ጣሪያው ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ቀዳዳ ተበጀች። ተሳፋሪው በከዘራው ክዳኗን ቆርቆር ያደርጋል። ነጂው ከላይ ይከፍታል። «ወዴት?» እዚያው ይባላል፣ ሂሳቡም በዚያችው ቀዳዳ ይሰጣል።

የአራዳ ሥራው ደግሞ ሌላ ነው። ነጂው አጠገብ የፊት በሮቹን የሚቆጣጠር ማንሻ ነበረ። ገንዘቡ በጣሪያ ካልወጣ በሩ አይከፈትም። ኒው ዮርክ በ1897 በባትሪ የሚሠሩ ታክሲዎች ስታሰማራም ቅርጹ ይኸው ሃንሰም ነበር። ፈረስ የለም፣ ሾፌሩ ግን አሁንም ከጀርባ ሰቀላ ላይ።

የለንደን ታክሲ ጣሪያ ከፍ ያለው ለባርኔጣ ነው?

በከፊል። ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሳያወልቅ እንዲቀመጥ ነው የሚለው ወሬ በጣም የታወቀ ነው፤ ከሠረገላው ዘመንም የመጣ ልማድ አለበት። ግን ባርኔጣው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ጣሪያው ግን አልወረደም። ዋናው ምክንያት የፈቃድ ደንቡ ነው። የለንደን ታክሲ ደንብ ከወለል እስከ ጣሪያ ቢያንስ 1.3 ሜትር ይጠይቃል። ያው ደንብ ነው ታክሲው በ25 ጫማ፣ ማለትም በ7.6 ሜትር ገደማ ውስጥ እንዲዞር የሚያስገድደው።

ከ1930 ጀምሮ የሠራው ኦስቲን 12/4 በቁመቱ የተነሳ በኋላ «ባለ ከፍታው» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በ1934 ወለሉን ዝቅ ያደረገ ሞዴል መጣ። ወለሉ ሲወርድ ጣሪያውም አብሮ ወረደ፤ ውስጡ ግን አልጠበበም። መሐንዲሶቹ ያሳጠሩት ታክሲውን እንጂ ተሳፋሪው የተቀመጠበትን ክፍል አይደለም። ታጣፊ ወንበሮቹም ሾፌሩን ከተሳፋሪው በሚለየው ግድግዳ ላይ እንደተለጠፉ ቆዩ።

የኒው ዮርክ ታክሲዎች ጣሪያ ለምን ይከፈት ነበር?

ሰማይ ጠቀስ ፎቆችን ለማየት! ክራይስለር ሕንፃ በ1930፣ 319 ሜትር ሆኖ አለቀ። በዓመቱ ኢምፓየር ስቴት በ381 ሜትር በለጠው። ከገጠር የመጣ እንግዳ ታክሲ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ቢያጣምም የሚያየው አሥረኛ ፎቅ ድረስ ነው። ስለዚህ ዴሶቶ የሚባለው የክራይስለር ምርት ከኋላ ወንበር በላይ የሚከፈት ጣሪያ ያላቸው ታክሲዎች አወጣ። «ስካይቪው» ይባሉ ነበር፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከጦርነቱም በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ሠርተዋል። የክራይስለርን ሕንፃ በክራይስለር መኪና ጣሪያ ማየት ማለት ነው።

ሚሺጋን፣ ካላማዙ የሚገኘው ቼከር ፋብሪካም አልተኛም። በ1940 አካባቢ የወጣው ሞዴል ኤ ከኋላ የሚከፈት የላንዶሌት ጣሪያ ነበረው። ያኔ ኤሲ የለም። የኒው ዮርክን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ጣሪያ መክፈት ቅንጦት እንዳልሆነ ይገባዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ሁላችንም በፎቶ የምናውቀው ቢጫው ቦላሌ ቼከር፣ እስከ 1982 የተመረተው፣ ያኛው አይደለም። የእሱ ጣሪያ ድፍን ነው።

ሙሉ በሙሉ ጣሪያ አልባ ታክሲስ አለ?

ጣሊያን፣ ካፕሪ ደሴት ላይ። እዚያ ታክሲው ከላይ ክፍት ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ሸራ ብቻ ይዘረጋበታል። ረዘም አድርገው የቆረጧቸው ፊያቶች ናቸው። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ብዙ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ለሽርሽር የመጣ ነው። ሌላ ከተማ ላይ አይሠራም ነበር።

ኤፍኤክስ4 ጣሪያው ላይ ያሉት «ጆሮዎች» ምንድን ናቸው?

ፍሬቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ኤፍኤክስ4ዎች ፍሬቻቸው ከታች ሳይሆን ከጣሪያው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው የተተከለው። እንግሊዞች የጥንቸል ጆሮ ይሏቸዋል። በ1968 ገደማ ቀሩ። እነሱ ካሉበት መኪናው ከመጀመሪያው አሥር ዓመት ምርት ነው ማለት ነው። ኤፍኤክስ4 ቤተሰቡ እስከ 1997 ስለተመረተ ዕድሜውን ለመገመት ጥሩ ምልክት ነው።

ጣሪያ ላይ የሚበራው ታክሲ የሚለው ሳጥን ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከዚያ በፊት ባዶ መሆኑን የሚናገረው ቆጣሪው ላይ ያለች የብረት ባንዲራ ነበረች። ቀና ካለች ነፃ ነው፣ ከተዘቀዘቀች ተይዟል። ማታ ግን ማን ያያታል? ለንደን ላይ ኤፍኤክስ3 በጣሪያው ግንባር የሚበራ ምልክት ይዞ መጣ። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው የፈቃድ ቁጥር ከበራ መኪናው ነፃ ነው ማለት ሆነ።

ጃፓኖች ግን ጉዳዩን ወደ ጥበብ ወሰዱት። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ቅርጽ ያለው የጣሪያ ፋኖስ አለው፤ አንዶን ይሉታል። ኪዮቶ ውስጥ ያሳካ የሚባለው ድርጅት ፋኖሱ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ነው። አራት መኪኖቹ ብቻ አራተኛ ቅጠል አላቸው፤ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነኝ ብሎ ፎቶ ይነሳል። ፋኖሱ ሌላም ሥራ አለው። ሾፌሩ ዘራፊ ከገጠመው አንድ ቁልፍ ይነካና ፋኖሱ ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። ውስጥ ያለው ሰውዬ አያይም፤ መንገድ ላይ ያለው ያያል።

የሕንድ ታክሲዎች ሁሉ ለምን ፖርቶመጋላ ነበራቸው?

ፕሪሚየር ፓድሚኒ የሚባለው የሙምባይ ታክሲ ጥቁር ገላ፣ ቢጫ ጣሪያ ነው። ዘሩ የጣሊያን ፊያት 1100 ነው። ታክሲዎቹ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ሲዞሩ ሲሊንደሩ የተቀመጠው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ሻንጣው የት ይሂድ? ጣሪያ ላይ። ቢጫው ጣሪያ ደግሞ ከሩቅ ይታያል፤ ትራፊክ መሃል ጥቁሩ ገላ ቢሸፈን እንኳን ቢጫው አይሸፈንም። ከውስጥ ያለው ኮርኒስም የዋዛ አልነበረም፤ አበባና ቅርጻ ቅርጽ በታተመበት ፕላስቲክ ነበር የሚለበጠው።

የሙምባይ ታክሲ 20 ዓመት ሲሞላው ከሥራ ይወጣል። የመጨረሻዋ ፓድሚኒ ታክሲ የተመዘገበችው በጥቅምት 2003 ስለነበር፣ በጥቅምት 2023 ተራዋ ደረሰ። ኮልካታ ላይ አምባሳደር የሚባሉ ቢጫ መኪኖች ነበሩ፤ ፋብሪካው በ2014 ምርቱን አቁሟል።

በእኛ ሀገርስ ለየት ያለ የታክሲ ጣሪያ ነበር?

ነበር እንጂ፦ ውይይት! አዲስ አበባ ያደገ ሰው አይረሳውም። ፒክአፕ ነው። ከኋላው ብረት ይተከላል፣ ከላይ ጣሪያ ይለብሳል፣ ግራና ቀኝ ረጃጅም አግዳሚ ይዘረጋል። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ይቀመጣል። መግቢያው ከኋላ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ያልገባ ግንባሩን ያገኛታል። ይህን ጣሪያ ፋብሪካ አልነደፈውም። የበያጅና የባትላሜራ ሥራ ነው። ለዚህም ነው ሁለት ውይይት አንድ ዓይነት የማይሆነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ጥለው የሄዱትን ጂፕ አስረዝመው፣ ጣሪያ ገጥመው፣ አግዳሚ ዘርግተው ጂፕኒ ያሉት ከዚህ ጋር ወንድም ነው።

የሐረር ፔጆ 404ዎች ዝነኞች ናቸው፤ ጣሪያቸው ግን ተራ የፋብሪካ ጣሪያ ነው። ላዳም እንደዚያው። ዛሬ በየከተማው የምናየው ባጃጅ ግን ሸራ ጣሪያ ስላለው፣ ወደዱም ጠሉም፣ ከእነዚያ ከድሮዎቹ ጋር ዝምድና አለው።

ታዲያ እነዚህ ጣሪያዎች ለምን ጠፉ?

ብዙ ሰው «ኤሲ መጣ» ይላል። እሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣው ላሜራው ነው። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ አብዛኛው የመኪና ጣሪያ ሙሉ ብረት አልነበረም። አንድ ወጥ ጣሪያ የሚያወጣ ሰፊ ላሜራና ትልቅ መጫኛ ማሽን አልነበረማ። ጠርዙ ብረት፣ መሃሉ የእንጨት ርብራብ፣ ከላይ የተለበጠ ጨርቅ ነበር። ቀድሞውኑ መሃሉ ባዶ ስለሆነ መክፈቻ ማበጀት ቀላል ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1935 ሞዴሎቹ ወጥ የብረት ጣሪያ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ቀጥሎ ሻንሲ የሌለው መኪና መጣ። በድሮው ታክሲ ጭነቱን የሚሸከመው ከሥር ያለው ሻንሲ ነው፤ ጣሪያው ቢቆረጥም መኪናው አይጎብጥም። ቦዲውና ሻንሲው አንድ ሲሆኑ ግን ጣሪያውም ተሸካሚ ሆነ። ቆርጠህ ስትከፍተው ከታች ማጠናከር ግድ ነው፣ ያ ደግሞ ክብደትና ወጪ ነው። ባለታክሲው ደግሞ ሂሳቡን ያውቃል። የተቀደደ ሸራ ማለት ጋራዥ የዋለ መኪና ነው።

ውጭ ሀገር የሚሸጥ የድሮ ታክሲ አገኘሁ። የሚከፈተው ጣሪያ ኦሪጅናል መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ከሁሉ በፊት ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። በሚታጠፈው ክፍል ዙሪያ ያለውን ላሜራ ተከተሉት። ማግኔቱ ድንገት ከላላ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ ድፍን ጣሪያ ቆርጦ ላንዶሌት ያስመሰለ ሰው አለ ማለት ነው። ኦሪጅናል ከሆነ የጎን ብረቱ የሚታሰረው በላሜራው ላይ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ካለው የእንጨት ምሰሶ ጋር ነው። ኮርኒሱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ከተነሳ እንጨቱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ከሰመጠ በስብሷል፤ የቀለሙ ውበት አያታላችሁ።

የሚከፈት ጣሪያ ያለው አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ማዕዘኖቹን እዩ። በደንብ የተሠራ መክፈቻ ውኃ የሚያወርድ ቱቦ ይኖረዋል። በአንድ ስኒ ውኃ አፍስሱና ከሥር በየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ወንበሩ ላይ ከወጣ መልሱን አገኛችሁ። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ታክሲ ከሆነ የጣሪያ መብራቱ የነበረበት የተደፈነ የብሎን ቀዳዳም ፈልጉ። ምንም ምልክት ከሌለ ለሠርግ ኪራይ ቀለም የተቀባ የቤት መኪና ሊሆን ይችላል።

ገዝታችሁ ወደ ሥራ ከገባችሁ ጣሪያውን ከመፍታታችሁ በፊት በሮቹን ዘግታችሁ የበሩን ክፍተት ከውስጥ በብረት ወጥሩት፤ አለዚያ ምሰሶዎቹ ይላወሱና በሩ ዳግም አይገጥምም። ሸራውንም እርጥብ ሆኖ አትጠፉት። መጀመሪያ ተወጥሮ ይድረቅ፣ ከዚያ ይተኛ።